መደበኛ ያልሆነ ሥራና የድህነት ትንበያ

ተማሪዎች፣ ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድን ጉዳይ በትርጉም፣ በምሳሌና በንጽጽር እያፍታታ ለአንባቢ የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። ስታነቡ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ አዲስ ቃል በመጣ ቁጥር ትርጉሙ እንዴት እንደ ተሰጠ አስተውሉ። ሁለተኛ፣ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ይሆናል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች የት የት እንደ ገቡ በደብተራችሁ ላይ መዝግቡ። ከምንባቡ በኋላ ላሉት መልመጃዎች ያስፈልጓችኋል።

1. መደበኛ ያልሆነ ሥራ ምን ማለት ነው?

በማለዳ በአንድ ከተማ ጎዳና የሚያልፍ ሰው ብዙ ዓይነት ሠራተኞችን ያያል። ሽንኩርትና ቲማቲም በየመደቡ ደርድራ ገዥ የምትጠብቅ የጉልት ነጋዴ፤ የቀለም ሣጥኑን ይዞ መንገደኛውን የሚጣራ ሊስትሮ፤ ማስቲካና ሶፍት ይዞ የሚዞር ሱቅ በደረቴ፤ አሮጌ ቆርቆሮና ጠርሙስ ለመግዛት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፍ ወጣት፤ ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ሸክም በጀርባዋ ይዛ የምትወርድ ሴት፤ በግንባታ ቦታ በር ላይ ቆሞ የሚቀጥረው አሠሪ የሚጠባበቅ የቀን ሠራተኛ። እነዚህ ሁሉ ሠራተኞች ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳቸውም የቅጥር ደብዳቤ የላቸውም፤ ስማቸው በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ አይገኝም፤ ሲታመሙ የሕመም ፈቃድ፣ ሲያረጁ የጡረታ አበል አያገኙም። የሠሩበት ቀን ገቢ አለው፤ ያልሠሩበት ቀን ግን ባዶ ነው።

እንግዲህ መደበኛ ያልሆነ ሥራ ስንል በሕግ ያልተመዘገበ፣ በጽሑፍ ውል ያልታሰረ ወይም እንደ ጡረታና እንደ ሕመም ፈቃድ ያለ ዋስትና የማይሰጥ የገቢ ማግኛ ሥራ ማለታችን ነው። ሥራው የግድ በመንገድ ዳር ወይም በመኖሪያ ቤት የሚከናወን መሆን የለበትም። በታወቀ ድርጅት ውስጥ ያለ ውልና ያለ ዋስትና የሚሠራ ሰውም ሥራው መደበኛ አይደለም።

ይህን ትርጉም በሚመለከት ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። የመጀመሪያው መደበኛ ያልሆነን ሥራ ከወንጀል ጋር ማምታታት ነው። ሽንኩርት መቸርቸር፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ወይም ልብስ ማጠብ በራሱ ነውርም ወንጀልም አይደለም፤ የጎደለው ምዝገባና ዋስትና እንጂ ክብር አይደለም። ሁለተኛው ስሕተት በዚህ ዓይነት ሥራ የሚተዳደረውን ሁሉ ድሃ ነው ብሎ መደምደም ነው። አንድ የቤት ወይም የመኪና ደላላ በአንድ ሽያጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከአንድ የቢሮ ጸሓፊ የወራት ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። በአንጻሩም የቅጥር ደብዳቤ ያለው ሁሉ ጠግቦ ያድራል ማለት አይደለም። ስለዚህ «መደበኛ ያልሆነ» እና «ድሃ» የሚሉት ቃላት በየመንገዱ አብረው የሚታዩ ቢሆኑም አንድ ትርጉም የላቸውም።

2. ይጠፋል የተባለው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1954 የሴንት ሉሺያ ተወላጅ የሆኑት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ሉዊስ፣ በድሃ አገሮች ያለው ትርፍ የሰው ጉልበት ቀስ በቀስ ወደ ፋብሪካና ወደ ሌላው ዘመናዊ ሥራ እየተሳበ እንደሚሄድ አስረዱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ሳይመን ኩዝኔትስ የተባሉ ሌላ ሊቅ የገቢ ልዩነት በዕድገት መጀመሪያ ላይ እንደሚሰፋ፣ ውሎ አድሮ ግን እንደሚጠብ ገመቱ። ኩዝኔትስ ግምታቸው በጥቂት መረጃና በብዙ መላ ምት ላይ የቆመ መሆኑን ራሳቸው በግልጽ ጽፈዋል። ብዙዎች ግን ማስጠንቀቂያውን ትተው ግምቱን ብቻ ይዘው ሄዱ።

ከእነዚህ አስተሳሰቦች በመነሣት በጊዜው የነበሩ ብዙ ዐቅድ አውጪዎች ጉልቱም ሊስትሮውም የሽግግር ዘመን ነገሮች እንደ ሆኑና ፋብሪካ ሲበዛ እንደሚጠፉ ያምኑ ነበር። በከተማ ውስጥ ቋሚ ቅጥር የሌለው ሰው በአጠቃላይ «ሥራ አጥ» ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ይህን እምነት ከተፈታተኑት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኪት ሃርት ናቸው። ሃርት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ ኒማ በተባለው ሰፈር፣ ከአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል የመጡትን የፍራፍራ ተወላጆች ኑሮ በቅርብ ሆነው አጠኑ። ያዩት ነገር «ሥራ አጥ» ከሚለው ቃል ጋር የሚስማማ አልነበረም። ሰዎቹ ይነግዱ፣ ይሰፉ፣ ይጠግኑ፣ ያበድሩ፣ ይሸከሙ ነበር፤ ደመወዝተኛው እንኳ ደመወዙ ስለማይበቃው ከሥራ በኋላ ሌላ ገቢ ይፈልግ ነበር። ሃርት ይህን ለመግለጽ «መደበኛ ያልሆነ ገቢ» የሚለውን አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። በሚቀጥለው ዓመት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ ቃሉን ስለ ተጠቀመበት በዓለም ታወቀ። ኬንያውያን ራሳቸው ግን ለዚህ ሥራ የራሳቸው ስም አላቸው፤ በስዋሂሊ ቋንቋ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ «ኀይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። ብረት ቀጥቃጩም ሆነ አናጢው ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ በፀሐይ ሐሩር ስለሚሠራ ስሙ ከዚያ ወጣ።

ታዲያ ይጠፋል የተባለው ሥራ ጠፋን? አልጠፋም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለት በሥራ ላይ ካለው ሕዝብ 61.2 በመቶው፣ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በአፍሪካ ይኸው አኀዝ 85.8 በመቶ ነበር። ቁጥሩ በእርሻ የሚተዳደሩትንም ይጨምራል። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ትንበያ የተሳሳተው ስሌቱ ስለ ከበደ ሳይሆን በዓይን የሚታዩት ሠራተኞች በሠራተኛነት ስላልተቆጠሩ ነው።

3. ድህነትና የገቢ ልዩነት እንዴት ይለካሉ?

ድህነትን ለመለካት በቅድሚያ አንድ ወሰን ያስፈልጋል። ይህ ወሰን የድህነት ወለል ይባላል። በኢትዮጵያ ወለሉ የተሰላው አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት የሚያስፈልገውን የምግብ ዋጋ መነሻ በማድረግና እንደ ልብስና እንደ መጠለያ ላሉት አስፈላጊ ነገሮች የሚወጣውን በመጨመር ነው። በዚህ ስሌት ወለሉ በ1988 ዓ.ም. ለአንድ ዐዋቂ ሰው በዓመት 1,075 ብር፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 7,184 ብር ነበር። ብሩ ይህን ያህል የበዛው የገበያ ዋጋ ስለ ናረ እንጂ የሰው ፍላጎት ስለ ተለወጠ አይደለም።

የገቢ ልዩነት የሚለካው ግን በሌላ መንገድ ነው። አሜሪካዊው ማክስ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1905 ገቢ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደ ተከፋፈለ የሚያሳይ የመሥመር ሥዕል አወጡ። ጣሊያናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኮራዶ ጂኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ልዩነቱን በአንድ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አዘጋጁ። የሁሉም ሰው ገቢ እኩል ቢሆን የጂኒ መለኪያ 0 ይሆናል፤ የአገሩ ገቢ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ቢገባ ወደ 1 ይጠጋል።

ሁለቱ መለኪያዎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ። ድህነት «ከወለሉ በታች ያሉት ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የገቢ ልዩነት ደግሞ «በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው?» ይላል። በኢትዮጵያ በተደረጉት የቤተሰብ ጥናቶች መሠረት ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ነበር። በነዚሁ 20 ዓመታት ግን በፍጆታ ወጪ የተሰላው የጂኒ መለኪያ ከ0.29 ወደ 0.33 ከፍ ብሏል። ይህም ማለት ድህነት እየቀነሰ ልዩነት ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። «ድህነት ቀነሰ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ «ስለዚህ ልዩነት ጠበበ» የሚል ሰው ያልተነገረውን ጨምሮ ተናገረ።

4. የጉልት ነጋዴዋ ገቢ ስንት ነው?

የደመወዝተኛን ገቢ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በወር ስንት እንደሚከፈለው ያውቃል። መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደረውን ሰው ገቢ መጠየቅ ግን ከባድ ነው። ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት የጉልት ነጋዴ በአንደኛው ሳምንት 900 ብር አተረፈች እንበል። በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ስለ ጣለና ቲማቲሙ ስለ ተበላሸባት ትርፏ 250 ብር ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ልጇ ታሞባት ገበያ ስላልወጣች ምንም አላገኘችም። በአራተኛው ሳምንት 850 ብር አገኘች። የወሩ ገቢዋ ሲደመር 2,000 ብር ነው።

አሁን መረጃ ሰብሳቢ መጥቶ «በዚህ ሳምንት ስንት አገኘሽ?» ብሎ ቢጠይቃትና መልሷን በ4 ቢያባዛ ምን ይሆናል? በአንደኛው ሳምንት ቢመጣ የወር ገቢዋን 3,600 ብር፣ በሁለተኛው ቢመጣ 1,000 ብር፣ በሦስተኛው ቢመጣ 0፣ በአራተኛው ቢመጣ 3,400 ብር ብሎ ይመዘግባል። ለምሳሌያችን የድህነት ወለሉን በወር 1,800 ብር ብናደርገው፣ ነጋዴዋ በሁለቱ ሳምንታት ድሃ፣ በሁለቱ ሳምንታት ድሃ ያልሆነች ተብላ ትጻፋለች። የተለወጠው የመጠየቂያው ቀን እንጂ የሴትዮዋ ኑሮ አይደለም።

ስሕተቱ በዚህ አያበቃም። ከጎኗ የምትቀመጥ ሌላ ነጋዴ በመጀመሪያው ሳምንት 250 ብር፣ በሁለተኛው 900 ብር፣ በሦስተኛው 850 ብር፣ በአራተኛው ባዶ እጅ ብትሆን የእርስዋም የወር ገቢ 2,000 ብር ነው። ሁለቱ ሴቶች እኩል ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ የጠየቀ ሰው የአንደኛዋ ገቢ የሌላዋን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ ዓይነት ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚደረግ ጥያቄ የሌለ ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ባለጸጋው ገቢውን አሳንሶ ከነገረ ወይም ጠያቂውን በሩ ላይ ከመለሰ፣ በእውነት ያለው ልዩነት ተሸፍኖ ይቀራል።

እቁብም ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። ነጋዴዋ እቁቧ በወጣላት ሳምንት እጇ ላይ ብዙ ገንዘብ ይታያል። ይህ ግን በየሳምንቱ ከትርፏ እየቀነሰች የጣለችው ነው ወይም ወደፊት የምትጥለው ዕዳ ነው እንጂ አዲስ ገቢ አይደለም። ይህን የማያውቅ ጠያቂ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ሊቆጥረው ይችላል።

በነዚህ ምክንያቶች በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ አጥኚዎች «ስንት አገኛችሁ?» ከማለት ይልቅ «ምን በላችሁ? ምን ገዛችሁ?» ብለው መጠየቅን ይመርጣሉ። ገቢ ከሳምንት ሳምንት ቢዋዥቅም ሰው በዱቤ፣ በብድርና በእቁብ እየተረዳ ፍጆታውን ለማስተካከል ይጥራልና፣ ፍጆታ ኑሮን በተሻለ ሁኔታ ያሳያል። ይህም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። የቤተሰብ ጥናት የሚነሣው ከቤት ነው፤ በጎዳና የሚያድረው ሊስትሮ ቤት ስለሌለው በናሙናው ውስጥ የመግባት ዕድሉ የመነመነ ነው። ናሙናው ራሱ የሚወጣው ከሕዝብ ቆጠራ ነው። በኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ ቀጥሎ ሊደረግ የታሰበው በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወስኗል። ቆጠራ በዘገየ ቁጥር ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሰው ሰው ከመዝገቡ እየራቀ ይሄዳል።

5. ትንበያ ትንቢት አይደለም

«ትንበያ» እና «ትንቢት» ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «ተነበየ» ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳሉ። በአገልግሎት ግን ይለያያሉ። ትንቢት ከመገለጥ የሚመነጭ ቃል ሲሆን ትንበያ ግን ከመረጃና ከስሌት የሚነሣ ግምት ነው። በመሆኑም ትንበያ ሁልጊዜ ሁለት ክፍል አለው። «ዝናቡ በወቅቱ ከጣለ አዝመራው ያምራል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጥገኛው ሐረግ ሁኔታውን፣ ዋናው ሐረግ ውጤቱን ይገልጻል። ተናጋሪው አዝመራው ያምራል ብሎ ዋስ አልሆነም፤ ቃሉን ከዝናቡ ጋር አስሮታል።

የድህነት ትንበያም እንደዚሁ ነው። የቤተሰብ ጥናት በየዓመቱ አይደረግም፤ በኢትዮጵያ ለምሳሌ ከ1988 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአብዛኛው በየአምስት ዓመቱ ነበር የተደረገው። በሁለት ጥናቶች መካከል ባሉት ዓመታት የሚነገረው የድህነት አኀዝ የተቆጠረ ሳይሆን የተተነበየ ነው። ተንባዩ የመጨረሻውን ጥናት መነሻ አድርጎ «ኢኮኖሚው ይህን ያህል ካደገ፣ ድህነት ወደዚህ ይወርዳል» ይላል። ነገር ግን በዚህ «ካደገ» ውስጥ ሌሎች ብዙ «ከሆነ»ዎች ተደብቀዋል። እነርሱን ገልጠን እንያቸው።

አምስት ሰዎች ብቻ የሚኖሩበት መንደር አለ እንበል። የወር ገቢያቸው የሚከተለው ነው።

የቀን ሠራተኛ፦ 800 ብር
የማገዶ ሻጭ፦ 1,200 ብር
እንጀራ ሻጭ፦ 1,700 ብር
የመንግሥት ሠራተኛ፦ 3,000 ብር
የጅምላ ነጋዴ፦ 8,300 ብር

ድምሩ 15,000 ብር ነው። የድህነት ወለሉ 1,800 ብር ቢሆን ከአምስቱ ሦስቱ፣ ማለት 60 በመቶው፣ ከወለሉ በታች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት የመንደሩ ጠቅላላ ገቢ በ10 በመቶ አድጎ 16,500 ብር ይሆናል ተብሎ ቢተነበይ ድህነት ምን ይሆናል? መልሱ አንድ አይደለም።

በመጀመሪያው ሁኔታ የእያንዳንዱ ሰው ገቢ በ10 በመቶ ያድጋል፤ ዋጋም አይለወጥም። የእንጀራ ሻጯ ገቢ 1,870 ብር ስለሚሆን ከወለሉ በላይ ትወጣለች። ድሆቹ ሁለት ብቻ፣ ማለት 40 በመቶ ይሆናሉ።

በሁለተኛው ሁኔታ የተጨመረው 1,500 ብር በሙሉ ለጅምላ ነጋዴው ይደርሳል። ድሆቹ ሦስት እንደ ነበሩ ሦስት ይቀራሉ። የነጋዴው ድርሻ ግን ከጠቅላላው ገቢ ከ55 በመቶ ወደ 59 በመቶ ከፍ ይላል። ድህነት ፈቀቅ ሳይል የገቢ ልዩነት ሰፋ ማለት ነው።

በሦስተኛው ሁኔታ የሁሉም ገቢ በ10 በመቶ ያድጋል፤ ነገር ግን የገበያ ዋጋም በ10 በመቶ ይጨምራል። ያን ጊዜ ወለሉ ራሱ 1,980 ብር ይሆናል። የእንጀራ ሻጯ 1,870 ብር በእጇ ይዛ ከወለሉ በታች ትቀራለች።

እንግዲህ ዕድገቱ አንድ ሲሆን ውጤቱ ሦስት ዓይነት ሆነ። የለያቸው ጥገኛው ሐረግ ነው። ታዲያ ተንባዩ የትኛውን ሐረግ ይምረጥ? የመንግሥት ሠራተኛውን ገቢ ከደመወዝ መዝገብ፣ የጅምላ ነጋዴውንም ከግብር መዝገብ በመጠኑ ሊያገኝ ይችላል። የቀን ሠራተኛውን፣ የማገዶ ሻጯንና የእንጀራ ሻጯን ገቢ ግን የሚያገኝበት መዝገብ የለም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ «የሁሉም ድርሻ እንደ ነበረ ከቀጠለ» ብሎ ያልፋል። መረጃው በሳሳበት ቦታ ግምቱ ይወፍራል፤ መረጃው የሚሳሳው ደግሞ ከወለሉ አጠገብ ባሉት ሰዎች ዘንድ ነው። ትንበያው ስለ ድሆች ቢሆንም በትንበያው ውስጥ በእርግጠኝነት የማይታወቁት ራሳቸው ድሆቹ ናቸው።

ተንባዩ ጠንቃቃ ከሆነ ይህን ሁኔታ በዘገባው ውስጥ ይጽፈዋል። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ «የሁሉም ድርሻ እንደ ነበረ ከቀጠለና ዋጋ ካልጨመረ ድህነት 40 በመቶ ይሆናል» የተባለው ነገር በማግሥቱ «ድህነት 40 በመቶ ይሆናል» ተብሎ ይነገራል። ጥገኛው ሐረግ በመንገድ ላይ ወደቀ፤ ትንበያውም ትንቢት መሰለ።

6. የተሳሳተ ትንበያ የሚጎዳው ማንን ነው?

የአየር ሁኔታ ትንበያ ዝናቡን አይለውጠውም። የድህነት ትንበያ ግን የሚተነብየውን ነገር ሊለውጠው ይችላል፤ ምክንያቱም በጀት የሚደለደለው፣ የርዳታ እህል የሚጫነው፣ የማኅበራዊ ድጋፍ መዝገብ የሚዘጋጀው በትንበያ ላይ ተመሥርቶ ነው። «ርዳታ ካልደረሰ በዚህ ወረዳ ረኀብ ይገባል» ተብሎ ተተንብዮ እህሉ በጊዜው ቢደርስና ረኀቡ ቢቀር፣ ትንበያው ሥራውን ሠራ እንጂ ተሳሳተ አይባልም። በሌላ በኩል በመዝገብ ላይ የሌለ ሰው በበጀትም ላይ የለም።

ይህ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነበር። ገበያዎች ሲዘጉና መንገዶች ጭር ሲሉ ደመወዝተኛው ብዙውን ጊዜ ደመወዙን ሲያገኝ የዕለት ገቢ የነበረው ሰው ግን በዚያው ቀን ገቢው ተቋረጠ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው ግምት 1.6 ቢሊዮን ያህል መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ክፉኛ ተጎድተዋል፤ በመጀመሪያው ወር ብቻ የእነዚህ ሰዎች ገቢ በዓለም ደረጃ በ60 በመቶ ቀንሷል። መንግሥታት ሊረዷቸው ቢፈልጉም «እነማን ናቸው? የትስ ይገኛሉ?» ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቹ መልስ አልነበራቸውም።

የምዕራብ አፍሪካዋ አገር ቶጎ ለዚህ ጥያቄ ያገኘችው መልስ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ቶጎም የድሆች መዝገብ አልነበራትም። ነገር ግን ለምርጫ የተዘጋጀ የመራጮች መዝገብ ነበራት፤ በመዝገቡ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ መራጭ ሥራውን አስመዝግቦ ነበር። መንግሥቱ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ «ኖቪሲ» የተባለ ድጋፍ ጀመረ፤ ቃሉ በኤዌ ቋንቋ መረዳዳትን ያመለክታል። መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደር ሰው በተራ የእጅ ስልክ ተመዝግቦ ገንዘቡን በዚያው ስልክ ይቀበል ነበር። በዋና ከተማዋ በሎሜ ለሴቶች በወር 12,250፣ ለወንዶች 10,500 የምዕራብ አፍሪካ ፍራንክ ይሰጥ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተረድተዋል።

ቀጥሎ ድጋፉን ወደ ገጠር ለማዳረስ ሲታሰብ ተመራማሪዎች ከሳተላይት በተነሡ ፎቶግራፎችና ከስልክ አጠቃቀም መረጃ በመነሣት የትኛው መንደርና የትኛው ሰው ይበልጥ ድሃ እንደሚሆን ገመቱ። ይህ ዘዴ በአካባቢ ብቻ ከመምረጥ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ የተሟላ የነዋሪዎች መዝገብ ቢኖር ኖሮ ከዚህም የበለጠ በትክክል መለየት እንደሚቻል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስረድተዋል። ደግሞም ስልክ የሌለው ሰው በስልክ መረጃ ውስጥ አይታይም። መሣሪያው ቢራቀቅም የጥንቱ ጥያቄ አልተለወጠም፤ ያልተቆጠረው ማን ነው?

7. ማጠቃለያ

መደበኛ ያልሆነ ሥራ የዓለምን ሠራተኛ ከግማሽ በላይ የያዘ ሥራ ነው። ይጠፋል ተብሎ ተተንብዮ አልጠፋም፤ ትንበያው የተሳሳተውም ሠራተኞቹ በሠራተኛነት ስላልታዩ ነው። የድህነትና የገቢ ልዩነት ትንበያ በቁጥር ላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ ደግሞ ከጉልቷ፣ ከግንባታው በርና ከማገዶው ሸክም ካልተነሣ፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ባዶውን ቦታ በግምት ይሞላዋል። ስለዚህ የድህነት አኀዝ በምትሰሙበትና በምታነቡበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ተቆጠረ ወይስ ተተነበየ? የተተነበየ ከሆነ «ከሆነ» የሚለው ሐረጉ የት አለ? ከቁጥሩ ውጭ የቀሩትስ እነማን ናቸው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ዜጋ ቁጥርን አይንቅም፤ ቁጥር እውነተኛ እንዲሆን ይረዳል እንጂ።

መልመጃዎች

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በተሰጣቸው ትርጉም መሠረት ፍቱ፤ ከዚያም እያንዳንዱን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አግቡ።
1. የድህነት ወለል
2. ፍጆታ
3. ናሙና
4. ይዋዥቃል
5. መላ ምት

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. «መደበኛ ያልሆነ ሥራ» እና «ድህነት» አንድ ያልሆኑት ለምንድን ነው? ከምንባቡ ምሳሌ ጥቀሱ።
2. የሁለቱ የጉልት ነጋዴዎች የወር ገቢ እኩል ሲሆን መረጃ ሰብሳቢው ልዩነት ሊያይ የቻለው በምን ምክንያት ነው?
3. በአምስቱ ሰዎች መንደር የገበያ ዋጋ በ5 በመቶ ብቻ ቢጨምርና የሁሉም ገቢ በ10 በመቶ ቢያድግ እንጀራ ሻጯ ከወለሉ በላይ ትሆናለችን? አስልታችሁ አሳዩ።

ሐ. ከሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ጥገኛውን ሐረግና ዋናውን ሐረግ ለዩ። ከዚያም ጥገኛውን ሐረግ አውጥታችሁ ዐረፍተ ነገሩን እንደ ገና ጻፉና ትርጉሙ እንዴት እንደ ተለወጠ አስረዱ።
1. ቆጠራው በጊዜው ከተደረገ ናሙናው የታመነ ይሆናል።
2. የዳቦ ዋጋ ካልጨመረ የቀን ሠራተኛው ገቢ ቤተሰቡን ይመግባል።
3. መረጃ ሰብሳቢው ስለ እቁብ ቢጠይቅ ኖሮ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ አይቆጥረውም ነበር።

መ. በአካባቢያችሁ መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ሰው በአክብሮት አስፈቅዳችሁ ስለ ሥራቸው ጠይቁ። ስማቸውን አትጻፉ። ሥራው በየትኛው ወር እንደሚደምቅና በየትኛው ወር እንደሚቀዘቅዝ፣ በቀዘቀዘ ጊዜ በምን እንደሚተዳደሩ መዝግቡ። ከዚያም ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ ስለ መጪው ዓመት ገቢያቸው አንድ ትንበያ ስጡ፤ «ከሆነ» የሚለውን ሐረግ ግን አትርሱ።